ገደብ የለውም የተባለው ሣጥን

ባሌ ሲጋራ ያቆመው በእኔ ልመና አይደለም፤ በእህቱ ጸሎትም አይደለም። ጥርሱን ሊያሳጥብ የሄደበት ሐኪም አፉን አስከፍቶ አየና "ዋው" አለ። በቃ፣ "ዋው" ብቻ። ባሌ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስለዚያች "ዋው" ሲያስብ ቆየና ፓኬቱን ከነላይተሩ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በባሌ ታላቅ እህት አፓርትመንት ውስጥ አንዷን መኝታ ቤት ይዘን ነበር የምንኖረው። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ። ባሌም እንደዚያው ነው። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ አንቺ ብሏቸው አያውቅም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። እሑድ እሑድ ቸርች ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ላንግሊ ፓርክ ባለ ሌላ ቸርች የጸሎት ፕሮግራም አላቸው። መኪና ስለማይነዱ ሁለት አውቶቡስ ይቀይራሉ። ሲጋራን በስሙ እንኳን አይጠሩም፤ "ያ ነገር" ነው የሚሉት። ባሌ ያንን ነገር የሚያጨሰው ሥራ ቦታው፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ምድር ቤት ውስጥ ተደብቆ ነበር። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጥርሱን መቦረሽ ነው። የማያውቀው ሰው ቢያይ፣ በዓለም ላይ ጥርሱን እንደዚህ የሚወድ ወንድ የለም ይል ነበር።

ስለ ራሴም ልናገር። አዲስ አበባ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ፤ ሁለት ዓመትም ሕንፃ ላይ ሽቦ ስዘረጋ ሠርቻለሁ። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ሜንቴናንስ ውስጥ ገባሁ። አምፖል እቀይራለሁ፣ የተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያ እፈታለሁ፣ እንግዳው ካርዱን ገልብጦ አስገብቶ "በሩ ተበላሸ" ሲል ሄጄ ካርዱን አገላብጥለታለሁ። ባሌ ይህን ሁሉ ያውቃል። የሚያውቀው ግን ሰው የሚስቱን የደም ዓይነት እንደሚያውቀው ነው። አንድ ቀን ሰምቶታል።

ወደ ቬፑ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሲጋራው፣ ያስገባው ጓደኛው ነው። አብረው ያደጉ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። እሱ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል። ጨዋታ ያውቃል፣ ለሰው ይደርሳል፣ አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ የእሱ የሆነ ነገር ሁሉ ከሰው ይበልጣል። የእሱ ጎማ አያልቅም፣ የእሱ ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል፣ የእሱ ጉንፋን እንኳን ከሌላው ሰው ጉንፋን የባሰ ነው። ባሌ ሲጋራ ጣልኩ ብሎ ሲደውልለት በማግስቱ ሰፈሩ ወዳለ የቬፕ ሱቅ ወሰደው።

እኔ ነገሩን መጀመሪያ ሳየው የኪስ ባትሪ መስሎኝ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። ባትሪው አናቱ ላይ ያለችውን የተጠቀለለች ሽቦ ያግላል፣ ሽቦዋ ጥጥ ውስጥ የተነከረውን ጣፋጭ ፈሳሽ ታተናለች፣ ሰውየው ደግሞ እንፋሎቱን ይስባል። ባሌ የገዛው የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ፈሳሹም ማንጎ ማንጎ የሚሸት። ትንሽ ስክሪን አለው፣ ስክሪኑ ላይ ዋቱ ይጻፋል፣ በሁለት ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። መጨረሻው ሰባ አምስት ነው። ከዚያ በላይ ብትጫነው ንቅንቅ አይልም።

የጓደኛው ግን በእጅ የተሠራ ነበር። ከታክሲ ደንበኞቹ አንዱ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ፈረንጅ፣ ጋራዡ ውስጥ ከእንጨት ጠርቦ የሠራለት ሣጥን ነው። ውስጡ ሁለት ባትሪ፣ ጎኑ ላይ አንድ ቁልፍ፣ አለቀ። ስክሪን የለ፣ ቁጥር የለ። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ ጥቁር ቡናማ፣ የተወለወለ፣ እጅ ውስጥ ደስ የሚል።

"ያንተ ሰባ አምስት ላይ ያቆማል" አለው ባሌን፣ በረንዳችን ላይ ቆመው። "የእኔ ገደብ የለውም።"

"እንዴት ገደብ የለውም?"

"የለውም አልኩህ! የሚያግደው ነገር የለም። ቺፕ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ባትሪው በቀጥታ ነው የሚለቀው። መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ... ማን ያውቃል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ፣ እትዬ ቸርች ሲሆኑ፣ በረንዳችን የዋት ምክር ቤት ሆነ። ሁለቱ ስለ ዋት ሲያወሩ ስለ ፈረስ ጉልበት የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። የፋብሪካው ይሻላል፣ የተለካ ነው፤ አይ በእጅ የተሠራው ይሻላል፣ ነፃ ነው። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ እሰማለሁ። ሁለት ወር ሙሉ አንዳቸውም ዞር ብለው "አንቺ እንዴት ታዪዋለሽ?" አላሉኝም። አንድ ቀን በገዛ ራሴ "ሽቦው ስንት ኦም ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ጓደኛው ፈገግ ብሎ "ይሄ የወንዶች ጨዋታ ነው፣ እህቴ" አለኝና ወደ ባሌ ዞረ። ባሌም፣ እግዜር ይይለት፣ ሳቀ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ የሆቴሉን መልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠበቅኳቸው። ክርክሩ ሲጋጋል መለኪያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና "እንወራረድ" አልኩ።

"በምን?"

"አንተ የእኔ ከመቶ ያልፋል ትላለህ፤ አንተ ደግሞ የእኔ ልክ ሰባ አምስት ነው ትላለህ። ሁለታችሁም ልክ ከሆናችሁ አንድ ወር ሙሉ በየሳምንቱ ታክሲህን አጥባለሁ፣ የውስጡን ምንጣፍ ጭምር። ሁለታችሁም ከተሳሳታችሁ ደግሞ ለአንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬን ላንግሊ ፓርክ በታክሲ ትወስዷቸዋላችሁ። አድርሳችሁ መመለስ የለም። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ትቀመጣላችሁ።"

"አንዳችን ብቻ ብንሳሳትስ?"

"የተሳሳተው ብቻውን ይሄዳል።"

ጓደኛው ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ። ታክሲውን በየትኛው ሳሙና እንደማጥብ ሁሉ ነገረኝ።

መጀመሪያ የእሱን ያዝኩ። ሽቦ ያለባትን አናት ከእንጨት ሣጥኑ ላይ ፈትቼ የባሌ መሣሪያ ላይ አሰርኳት፤ የፋብሪካው መሣሪያ ሲታሰርበት የሽቦውን ኦም፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታበትን መጠን፣ ራሱ ያነብባል። ስክሪኑ ዜሮ ነጥብ አራት አለ። መልሼ ሣጥኑ ላይ ገጠምኩና ሽፋኗን አንስቼ የመለኪያዬን ጫፎች ሽቦዋ የታሰረችባቸው ብሎኖች ላይ አስደገፍኩ። "ተጫን" አልኩት። ተጫነ። ሽቦዋ ቀላች፣ እንፋሎቱ ቡልቅ አለ፣ መለኪያው አራት ቮልት አሳየ።

"አራት በአራት ስንት ነው?" አልኩ።

"አሥራ ስድስት" አለ ባሌ።

"ለዜሮ ነጥብ አራት አካፍለው።"

ባሌ ስልኩን አውጥቶ ነካካ። ከዚያ ጓደኛውን አየው። ከዚያ ስልኩን እንደገና ነካካ።

"አርባ" አለ።

"አርባ ምን?" አለ ጓደኛው።

"አርባ ዋት።"

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጓደኛው ሣጥኑን ገልብጦ አየው፣ ከስሩ ሌላ ቁልፍ ያለ ይመስል። "የሚያግደው ነገር የለም ብለህ አልነበር?" አልኩት። "አለ። ሽቦው ራሱ ያግደዋል። ባትሪው መስጠት የሚችለውን ይሰጣል፣ ሽቦው መቀበል የሚችለውን ይቀበላል። ስክሪን ስለሌለው ቁጥሩ አልታየህም እንጂ ቁጥር አለው።"

ባሌ ደስታውን መደበቅ አቃተው። የጓደኛውን ትከሻ መታ መታ እያደረገ "አይዞህ፣ አርባም ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ" አለው። እኔም "አንተስ፣ ና" አልኩት።

የእሱ ሽቦ ዜሮ ነጥብ አምስት ነበር። ሰባ አምስት ላይ አደረገውና ተጫነ። ስክሪኑ ሰባ አምስት ብሎ በኩራት ያበራል። መለኪያዬ ግን አምስት ቮልት ነው ያለው። ሃያ አምስትን ለዜሮ ነጥብ አምስት፣ ሃምሳ። "ባትሪው ደክሞ ነው" አለ ባሌ። ቻርጅ አድርጎ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ጠበቅነው፤ ጓደኛው ከእኔ በላይ ታግሶ ጠበቀ። ድጋሚ ለካን። ስድሳ አካባቢ። ስክሪኑ አሁንም ሰባ አምስት ይላል።

"ፋብሪካው ይዋሻል?" አለ ባሌ፣ በእውነት አዝኖ።

"ይችን አንዷን ጠብደል ባትሪህን ይዞ ሰባ አምስት ሊሰጥህ ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ያለውን ይሰጥህና ቁጥሩን አይቀንስም። እንደ ጓደኛህ ማለት ነው።"

ሁለቱም ተሸነፉ። ግን ቅዳሜ ሳይደርስ ጓደኛው ባሌን ኮል አደረገና "እሑድ እመጣለሁ፣ ሪማች እፈልጋለሁ፣ እንደገና እንለካለን፤ ካሸነፍኩ ቸርቹ ይሰረዛል" አለ። እኔም እሺ አልኩ፤ ያችን ቅዳሜ ዘለልናት። መቼም ሰው በቀልን አንዴ ከቀመሰ ጨምሩልኝ ይላል።

እሑድ መጣ። ሱቁ ሄዶ ወፍራም ሽቦ አስጠቅልሎ አናቷ ላይ አሳስሯል። የባሌ መሣሪያ ላይ ገጠምኳት። ስክሪኑ ዜሮ ነጥብ አንድ አለና ብልጭ ድርግም ብሎ ዝም አለ። ተጫንኩት፣ አይሠራም። ኦሙ ከመጠን በላይ አንሷል ብሎ ጻፈ።

"ፈሪ!" አለው ጓደኛው መሣሪያውን። "አየሽው? የፋብሪካ ዕቃ እንዲህ ነው፣ ጥላውን ይፈራል። የእኔን እይ።"

በልቤ ሒሳቡን ሠራሁት። አሥራ ስድስትን ለዜሮ ነጥብ አንድ፣ መቶ ስድሳ ዋት። በወረቀት ላይ አሸንፏል። ነገር ግን አርባ አምፒር ኤሌክትሪክ ነው በዚያች ሚጢጢ ቁልፍ ውስጥ የሚያልፈው። እንደዚያ ያለ ቁልፍ ሆቴል ውስጥ ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ፤ ውስጡ ቀልጦ ተጣብቆ።

"ቁልፉ አይችለውም" አልኩት።

"እህቴ፣ ባለፈው አሸነፍሽ፣ እሺ። ዛሬ ግን ተመልከቺ።"

እዚህ ላይ ነው ደግሜ መናገር የነበረብኝ። እጁን ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ተው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እጄን አጣጥፌ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩና ፊቱን ማየት ጀመርኩ።

ተጫነ። ከአናቷ የወጣው ጉም በረንዳውን ሸፈነው፤ የቫኒላና የእንጆሪ ሽታ። ከጉሙ ውስጥ ሳቁ ተሰማ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

"አልጠፋም አለኝ" አለ።

"ቁልፉን ልቀቀው!" አለ ባሌ።

"ለቅቄዋለሁ! እዩት፣ ለቅቄዋለሁ!"

ሽቦዋ እንደ ምድጃ ቀልታለች፣ ቁልፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጓደኛው ሣጥኑን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያቀባበለ መዝለል ጀመረ። "አቃጠለኝ! ኧረ አቃጠለኝ!" የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከታች ሰዎች መኪና ያቆማሉ። "ወደ ታች እንዳትጥለው!" ብዬ ጮህኩ። ዞር ዞር አለና የበረንዳው ጥግ ላይ ባለው ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ወረወረው። የእትዬ ጤና አዳም ማሰሮ ነው። ዘሩን ከሰው ለምነው፣ ክረምት ክረምት እንደ ሕፃን ወደ ሳሎን እያስገቡ፣ ስንት ዓመት ያሳደጉት ጤና አዳም።

ሁለቱንም ገፍትሬ ወደ ውስጥ አስገባሁና የመስታወቱን በር ዘጋሁት። ሦስታችንም አፍንጫችንን መስታወቱ ላይ ለጥፈን አየን። ሣጥኑ መጀመሪያ ፉጨት ፉጨት አለ። ከዚያ ነጭ ጭስ ቱር ብሎ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ተስፈነጠረ፣ የእሳት ምላስ ታየ። ጤና አዳሙ ግማሽ ጎኑ ተለበለበ። ከዚያ ጸጥ። ጓደኛው መዳፉን ቀዝቃዛ ውሃ ስር ይዞ ቆመ፤ ደግነቱ ከመቅላት አላለፈም። ያ ነገር ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ጭኖ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

በዚህ መሀል ነው የበሩ ቁልፍ ሲዞር የተሰማው። እትዬ ናቸው። ራሳቸውን አሟቸው ከቸርች ቀደም ብለው ተመልሰዋል።

በሩ ላይ ቆመው አየሩን ሳቡት። "ምንድን ነው የሚሸተው?"

እውነትም ለማወቅ ይከብድ ነበር፤ እንጆሪ፣ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ጤና አዳም።

"ስልኬ ነው፣ እትዬ" አለ ጓደኛው ቶሎ ብሎ። "ቻርጅ ሳደርገው ጋለና... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሰሮው ውስጥ ወደቀ።"

እትዬ ቦርሳቸውን አስቀመጡ፣ ኩሽና ገቡ፣ የድስት መያዣ ጨርቃቸውን ያዙ፣ በረንዳ ወጡ። "ይቆዩ፣ ገና ትኩስ ነው" ብዬ ተከተልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ሲመለሱ የከሰለውን የእንጨት ሣጥን በጨርቁ ይዘውታል። ጓደኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

"ስልክህ ይሄ ነው?"

"አዎ... ማለት..."

"እስቲ ደውልልኝ።"

ባሌ ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ቢያፍነውም እትዬ ዞሩ። "አንተ ደግሞ አትሳቅ። ሰው ኮቱ ኪስ ውስጥ ማንጎ ይዞ ሦስት ወር ይዞራል? ልብስህን የሚያጥበው ማን ይመስልሃል? ያንን ነገር ስታጨስም አውቅ ነበር። ጥርስህን ስትፍቅ ድድህ አልቆ እንዳይወድቅ ነበር የምጸልየው።"

ባሌ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ስምንት ብቻ ነበር።

እኔ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ተጠግቼ ዝም ብያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ከዚህ ነገር ንጹሕ ሆኜ የምወጣ መስሎኛል። እትዬ ጠረጴዛው ላይ መለኪያዬን አዩት። አነሱት። ገመዱን በጣታቸው እያሻሹ ወደ እኔ ዞሩ።

"ኤሌክትሪክ የተማርሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ እትዬ።"

"እንደሚቃጠል አላወቅሽም?"

"አውቄ ነበር። ነገርኩት..."

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ ጊዜ።"

"አንድ ጊዜ" አሉ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ መድኃኒቱን አልውጥም የሚል ሽማግሌ ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ፤ እስኪውጥ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ፊቴን አቃጠለኝ። ጓደኛው የተቃጠለ እጁን ይዞ ያየኛል፤ ያልቀየመኝ መሆኑ ደግሞ ባሰብኝ። "ይቅርታ" አልኩት። "አይ፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ" አለ። ተሳሳትኩ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የእሱ ጥፋት ግን ከሁላችንም እንደሚበልጥ ወዲያው አከለበት።

ስለ ውርርዱ ባሌ ነው የተናዘዘው። እትዬ ሰሙና ሻሻቸውን አስተካከሉ። "ጥሩ። አራት ቅዳሜ። እሷም ጭምር።"

ሄድን። አራቱንም ቅዳሜ፣ እትዬ ከፊት ወንበር፣ እኔና ባሌ ከኋላ፣ ታክሲው ተወልውሎ። ቸርቹ ውስጥ ሦስታችን መጨረሻው ወንበር ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ መዝሙሩ ካማረ ሦስት። ባሌና ጓደኛው የመጀመሪያውን ሰዓት ደህና ይዘልቃሉ፤ ከዚያ አንዱ ኪሱን ይዳብሳል፣ ሌላው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ጉልበታቸው በአንድነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እትዬ ከፊት ሆነው ዘወር ሳይሉ ያውቃሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ማይክሮፎኑ መሀል ላይ ጠፋ። እትዬ ከወንበራቸው ተነሡና በጉባኤው ፊት "የወንድሜ ሚስት ኤሌክትሪሻን ናት፣ ከኋላ ተቀምጣለች" አሉ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሄጄ አየሁት፤ አንድ ሶኬት ላይ ድምፅ ማጉያውን፣ ኪቦርዱን፣ ሁለት ማሞቂያና የሻይ ማፍያውን ሰክተውበታል። "ይሄ አይችለውም" አልኩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ማሞቂያዎቹን ሌላ ክፍል ካለ ሶኬት ገመድ አምጥቼ ለየኋቸው፤ ጓደኛው ገመዱን ይዞልኝ ቆመ።

ባሌ የፋብሪካውን መሣሪያ አልጣለውም። መጀመሪያ ሠላሳ ዋት ላይ አወረደው፣ ከዓመት በኋላ ሃያ ላይ። ጨርሶ ተወው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ዛሬም ጃኬቱ አንዳንዴ ማንጎ ማንጎ ይላል። ጓደኛው ወዲያው ስክሪን ያለው ገዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን ስለ ጥንቃቄ የሚሰብከው እሱ ነው፤ የእሱ መሣሪያ ከማንም መሣሪያ በላይ ቶሎ ራሱን ያጠፋል። ጤና አዳሙ በጸደይ ከስሩ አቆጠቆጠ፤ እትዬ ግን በረንዳው ላይ አልመለሱትም፣ መኝታ ቤታቸው አስገቡት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሌክሳንድሪያ አንድ ሠርግ ላይ፣ ከማላውቃቸው የታክሲ ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ባሌ ምግብ ሊያመጣ ተነሥቷል። ከሰዎቹ አንዱ ለሌሎቹ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ልጅ ቬፑ እጁ ላይ ፈነዳ፣ በረንዳው ተቃጠለ፣ ፋየር ትራክ መጣ፣ የቤቱ ሴትዮ ራሷን ስታ ወደቀች፣ ልጁ ግን ሁሉንም ተሸክሞ አወጣቸው።

"ምን ዓይነት ቬፕ ነው እንዲህ የሚያደርገው?" አልኩ፣ በጣም ገርሞኝ።

"በእጅ የተሠራ ነዋ፣ እህቴ። አምስት መቶ ዋት ነው።"

"አምስት መቶ!"

"እኔ ልጁን አውቀዋለሁ። ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።"

ባሌ ሁለት ሳህን ይዞ ሲመለስ "ምን ያስቅሻል?" አለኝ። "ምንም" አልኩትና ጥብሱን ተቀበልኩት።